ታሪክ ለንግድ ሥራ ተማሪዎች፤ የአዲስ አበባ ማገዶ እንደ ምሳሌ

የንግድ ሥራ ትምህርት የሒሳብ መዝገብን በየዓመቱ ይዘጋል፤ የደን ሒሳብ ግን በአንድ ዓመት የሚዘጋ አይደለም። ስለዚህ ሀብትን ሳያሟጥጡ የመጠቀም ነገር፣ ይኸውም ዘላቂነት የሚባለው፣ ለንግድ ተማሪ በታሪክ አማካይነት ቢሰጥ ይበልጥ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

አሳቡ ራሱ የመጣው ከሥራ ዓለም ነው። በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒያ የማዕድን ሥራ ሹም የነበረው ሐንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ፣ ለማዕድኑ ማቅለጫ የሚሆነው እንጨት እያነሰ መሄዱን ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1713 ባሳተመው መጽሐፍ ደን ከሚተካው በላይ እንዳይቆረጥ መከረ። በነጋዴ አነጋገር፣ ወለዱን እየበሉ ዋናውን ገንዘብ አለመንካት ማለት ነው።

ይኸው የእንጨት ችግር በአገራችንም ዋና ከተማ ደርሷል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ስለ ሄደ በአካባቢዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ተሠርቶ ነበር፤ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍም ቶሎ የሚያድግ፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ተክሉን ስላበረታቱ ከተማዋ በቦታዋ ጸናች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

መምህሩ ይህን ታሪክ ሲያስተምር ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስከትል ይጠቅማል። አንደኛ፣ የጥንቱ ደን ሲቆረጥ የሻጩ ወጪ መጥረቢያና አጋሰስ ብቻ ነበረ፤ የዛፉ የብዙ ዘመን ዕድገት በማን መዝገብ ተጻፈ? ሁለተኛ፣ ባለ መሬቱ ከባሕር ዛፍ ሽያጭ ሲያተርፍ፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ምን አገኙ? ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ራሱ ምን አስከፈለ? ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ እንደሚጠጣ፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ እንደማይበቅል የታወቀ ነው።

ይህን ስንል ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣውን ዛፍ ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን የነገው ሥራ አስኪያጅ ትርፉን ከመጻፉ በፊት ያልተጻፈውን ወጪ መጠየቅ ካልለመደ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው የአገር ታሪክ ከሒሳብ አያያዝ ትምህርት ጎን ቦታ እንዲሰጠው እናሳስባለን።