የአንጥረኛው እስትንፋስ

ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ያልሰማ የለም። ከእሳቱ ፊት ጎንበስ ብሎ ወርቁን የሚያነጥረው ሰው በጢሱና በእንፋሎቱ መፈተኑ ግን እምብዛም አይነገርም። የወርቅ ማጣራት ታሪክ የብልሃትና የሀብት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሰው ሳንባም ታሪክ ነው።

ከምድር የሚወጣ ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከብር ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ሁለቱን መለየት የጥንት ጥበብ ነው። ዛሬ በቱርክ ምድር በምትገኘው በጥንታዊቷ የልድያ ዋና ከተማ በሰርዴስ፣ አርኪዮሎጂስቶች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄዱት ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ያገለገለ የወርቅ ማጣሪያ ሥፍራ አግኝተዋል። የልድያ አንጥረኞች ቅይጡን ወርቅ ከጨው ጋር በሸክላ ዕቃ ከድነው ለረጅም ሰዓት ያግሉት ነበር። ከጨው የሚነሣው እንፋሎት ብሩን በልቶ ወርቁን ይተወዋል።

በ1300 አካባቢ ግን ሌላ መንገድ በጽሑፍ ታወቀ። ጌበር በሚል ስም በላቲን የተሠራጩ የአልኬሚ መጻሕፍት ዛሬ ናይትሪክ አሲድ የምንለውን ፈሳሽ አሠራር ገለጹ። አውሮጳውያን «ብርቱ ውሃ» ያሉት ይህ አሲድ ብሩን አሟሙቶ ወርቁን ሳይነካ ያስቀራል። ወርቁን ራሱን የሚያሟሟው ድብልቅ አሲድ ደግሞ «የንጉሥ ውሃ» ተባለ። አዲሱ ዘዴ የቀናትን ድካም ወደ ሰዓታት ቢያሳጥርም፣ አሲዱ ብሩን ሲበላ ቀይ ቡናማ ጢስ ይነሣል። በዘመኑ አንጥረኛው በአብዛኛው የሚሠራውም የሚኖረውም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለነበር፣ ከእቶኑ የሚወጣው ሁሉ ለቤተሰቡና ለለማጆቹም ይደርሳቸው ነበር።

ይህን አደጋ አስተውለው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኡልሪሽ ኤለንቦግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1473 በአንጥረኞቿ ስመ ጥር ለነበረችው ለአውግስቡርግ ከተማ ባለሙያዎች ስለ ብር፣ ስለ ሜርኩሪና ስለ እርሳስ መርዛማ ጢስ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉ በሊቃውንቱ ቋንቋ በላቲን ሳይሆን አንጥረኞቹ በሚናገሩት በጀርመንኛ መሆኑ ዓላማውን ይመሰክራል። ለኅትመት የበቃው ግን ከ51 ዓመት በኋላ በ1524 ነበር። ኤለንቦግ ሠራተኞቹ በተዘጋ ክፍል እንዳይሠሩ፣ መስኮት እንዲከፍቱና አፋቸውን እንዲሸፍኑ መከረ። ከምክሩ ውስጥ የጨርቁ ነገር ከአሲድ ጋዝ አያድንም፤ አቧራን የሚይዝ ሽመና ጋዝን አይዘውምና። ስለ ነፋሱ የተናገረው ግን ትክክል ነበር።

መስኮቱ በሚገባ ታስቦበት ወደ ጢስ መውጫነት የተለወጠው ከ3 መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በፓሪስ ነው። ነሐስን በወርቅ የሚለብጡ ሠራተኞች ዕቃውን አስቀድመው በአሲድ ያጥቡ፣ ቀጥሎም ወርቅና ሜርኩሪ ቀብተው በእሳት ያግሉት ነበር። ብዙዎቹም በሜርኩሪው እንፋሎት እየተንቀጠቀጡ ያረጁ ነበር። የነሐስ ሥራ ባለቤት የነበረው ራቭሪዮ በ1814 ሲሞት፣ ለዚህ መከራ መፍትሔ ለሚያገኝ ሰው 3,000 ፍራንክ በኑዛዜ ተወ። ሽልማቱን በ1818 ያገኘው ኬሚስቱ ዳርሴ ነው። የዳርሴ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ በጢስ መውጫው ውስጥ ትንሽ እሳት ይነድዳል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የክፍሉን አየር ይስባል፣ ጢሱም ወደ ሠራተኛው ፊት ሳይመጣ ወደ ኋላ ይሄዳል። የምድጃው አፍም ጠበብ እንዲል ተደረገ። በዛሬ ላቦራቶሪዎች የሚገኘው የጋዝ መሳቢያ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ የእሳቱን ቦታ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተክቶታል፤ አንዳንዴም አየሩ ወደ ውጭ ከመለቀቁ በፊት አሲዱን በሚያከሽፍ ፈሳሽ ውስጥ ያልፋል።

ጥያቄው ግን ያለፈ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ወርቅ ስላለ፣ አንጥረኛነት በአዲስ መልክ ወደ ቤት ተመልሷል። በደቡብ ቻይና በጉዪዩ ከተማ በወንዝ ዳር የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችን በአሲድ የሚያሟሙ ሠራተኞች ሁኔታ በ2002 ለዓለም ይፋ ሆኗል። ያገለገሉ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በሚከማቹባቸው በእኛም አካባቢ ከተሞች ፈተናው ያው ነው።

ቡናማው ጢስ የሚያታልለው በዚህ ነው፤ ሲተነፍሱት ጉሮሮን ጥቂት ቆጥቁጦ ያልፋል። ከአየር ስለሚከብድም ዝቅ ባለ ሥፍራ ይተኛል። ወደ ሳንባ ጥልቀት የገባው ጋዝ ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ ሳንባን በፈሳሽ ሊሞላ ይችላል። ደህና ነኝ ብሎ የተኛ ሰው እየታፈነ ይነቃል። ስለዚህ ጋዙን የተነፈሰ ሰው ሕመም ባይሰማውም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። የወጥ ቤት መስኮትም የዳርሴን ምድጃ አይተካም። ትክክለኛ መሳቢያ የሌለው ሰው የሚበጀው ሥራውን መሣሪያው ላላቸው ማጣሪያዎች መተው ነው።

ኤለንቦግ ለአውግስቡርግ አንጥረኞች በገዛ ቋንቋቸው የጻፈው ማስጠንቀቂያ ከ5 መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በየቤቱ አሲድ ለሚከፍት ሰው ደግሞ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።