ዜና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘጎጃም

በጥር 1873 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ የደጃዝማች ተሰማ ጎሹን ልጅ ራስ አዳልን የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡ፤ ስመ መንግሥታቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ጎጃም ከገዛ አብራኳ ንጉሥ አየች። አቡነ ሉቃስም ከግብፅ መጥተው ለአገሩ ጳጳስ ሆኑ። ንጉሡ በመንቆረር የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማውም ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ተባለ።

በግንቦት 1874 ከዓባይ ማዶ በእምባቦ ድሉ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሆነ፤ ንጉሡም ጥቂት ጊዜ ከአገራቸው ርቀው ሰነበቱ።

በጥር 1879፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ድርቡሽ ድንበር ጥሶ የክርስቲያኑን አገር ቢዘርፍ፣ ንጉሡ ክተት ብለው ወደ መተማ ወረዱ። አገሩ ቆላ ነው፤ በክረምት ወባው ደገኛውን ይፈጃል፤ ጥር ግን በጋ ነውና ጦሩ ጤናውን ይዞ ደረሰ። የድርቡሹ አዛዥ ወድ አርባብ ሊገታቸው ቆመ። ጎጃሜው ጎራዴውን መዝዞ ጋሻውን መክቶ ገባበት፤ ወድ አርባብ በዚያው ወደቀ፤ ሠራዊቱም ተበተነ፤ ከተማይቱ ነደደች፤ ምርኮው በዛ። ኃይል የእግዚአብሔር ነው፤ በዚያች ቀን ግን ክንዱ የጎጃም ነበረ። ድንበሩን የሚጠብቅ በቂ ዘብ ቢተው ኖሮ እንዴት በበጀ!

በዓመቱ፣ ጥር 1880፣ ሌላው የድርቡሽ አዛዥ አቡ አንጃ በሣር ውኃ ያደረገውንና በጎንደር አድባራት የደረሰውን እሳት ጌታ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት በክረምቱ ማብቂያ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር መከሩብኝ ብለው ተቆጡ፤ ሠራዊታቸውም ጎጃምን አጠፋት። የነገሥታቱ ጠብ በነገሥታቱ ታረቀ፤ የባላገሩን ጎተራ ግን የሞላለት የለም። የከብት እልቂቱም ተከትሎ መጣ።

በየካቲት 1888 ንጉሡ የእምባቦን ቂም ሳይዙ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዓድዋ ተሰለፉ። ትናንት ያሸነፋቸውን ጌታ ተከትሎ ለአገር መሞት ከሁሉ የሚበልጥ ጀግንነት ነው፤ ጎጃሜም በዚያ ብዙ ደም አፈሰሰ።

ዳግመኛ በጥር፣ ዳግመኛ በዘመነ ማቴዎስ፣ በ1893 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዐፄ ምኒልክም አገሩን ከፋፍለው ሾሙበት። ልጆቻቸው ራስ ተባሉ፤ ከእሳቸው በኋላ ግን በጎጃም ንጉሥ ተብሎ ዘውድ የጫነ የለም።