የድሮ ዘፈን በሞያሌ፡ ሬዲዮው የሚያስታውሰው የማንን ትዝታ ነው?

በተለምዶ ኤኤም የሚባለው መካከለኛ ሞገድ ከኤፍኤም የሚለየው በዋናነት በሚደርስበት ርቀት ነው። ቀን መሬት ተከትሎ ይጓዛል፤ ሲመሽ ግን ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ስለሚመለስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኬንያ ድንበር ላይ ለምትገኘው ሞያሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሰሜን የሚመጣው የድሮ ዘፈን ግን በአጋጣሚ የተሰባሰበ አይደለም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥራ የጀመረው በ1928 ዓ.ም. ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም የእነ ማህሙድ አህመድንና የእነ አለማየሁ እሸቴን ሥራዎች አሳተመ። የዛሬው የፕሮግራም አዘጋጅ «የድሮ» ሲል በአብዛኛው የሚያወጣው በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳውን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሸክላ ላይ ያልወጣ ዘፈን እንዳልተዘፈነ ይቆጠራል።

ቦረና ድሮ ሳይዘፍን ቀርቶ አይደለም። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ጎልማሶች ተደርድረው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ የሚዘፍኑት የሥራ ዘፈን የታወቀ ነው። ከድንበሩ ማዶ የኬንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በምሥራቃዊ አገልግሎቱ ከሶማሊኛ፣ ከቡርጂ፣ ከሬንዲሌና ከቱርካና ጋር የቦረናን ቋንቋ ሲያስተናግድ ኖሯል። የሞያሌ ሰው የራሱን ዜማ ፍለጋ ጆሮውን ወደ ደቡብ ቢያዞር ሊፈረድበት አይገባም።

ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቆበታል። የሚጠጣ ከብት ከሌለ ለከብት የሚዘፈነው ዘፈንም ምክንያት ያጣል።

የሕግ ሰው እንደመሆኔ መጠን መፍትሔውን ከሩቅ አልፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39(2) ለእያንዳንዱ ሕዝብ ባህሉን የማዳበር መብት ሰጥቷል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ም የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ያውቃል። እንግዲህ የሚቀረው መቅረጫ ይዞ ወደ ጉድጓዱ መሄድ ነው። ሆኖም ዜማው የጋራ ነው ተብሎ ዘፋኙ መዘንጋት የለበትም። አዋጅ 410/1996 ለከዋኞች ጥበቃ ስለሚያደርግ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ስማቸውም ይመዝገብ።

የጥላሁንና የብዙነሽ ዘፈኖች ይቀነሱ የሚል ሰው የለም፤ እኔም ከሚወዷቸው አንዱ ነኝ። የምለው ከእነሱ ቀጥሎ የቱላው ዘፈን ይሰማ ነው። የሞያሌ አድማጭ የሌላውን ትዝታ ሲያደምጥ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ሌላው የእሱን ትዝታ የሚሰማበት ተራ ነው።