የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪዎች የመንገድ ረድፍ አጠቃቀም

የመንገድ ረድፍ በአስፋልት ላይ በተቀቡ መስመሮች ተለይቶ ተሽከርካሪዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ሆነው እንዲጓዙበት የተዘጋጀ የመንገድ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች የመንገዱን ቀኝ ይዘው ይጓዛሉ። በሕግ የተደነገገው የትራፊክ ሥርዓት ባለሁለት ጎማ ተሽከርካሪዎችንም ይመለከታል። ሞተር ብስክሌት ጠባብ መሆኑ በሁለት ረድፎች መካከል ባለው ክፍተት የመጓዝ መብት አይሰጠውም። በአንጻሩም እንደማንኛውም ተሽከርካሪ የአንድ ረድፍ ሙሉ ስፋት ይገባዋል። ስለዚህ የመኪና አሽከርካሪ ሞተር ብስክሌትን በዚያው ረድፍ ውስጥ ጎን ለጎን ገፍቶ ማለፍ የለበትም።

የመስመሮች ትርጉም

ያልተቆራረጠ መስመር መሻገር የተከለከለ መሆኑን ያመለክታል፤ ሞተር ብስክሌቱ የሚያልፍበት በቂ ቦታ መኖሩ ክልከላውን አያነሳውም። የተቆራረጠ መስመር መንገዱ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሊሻገሩት ይቻላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰመሩ አሽከርካሪው የሚከተለው በእርሱ በኩል ያለውን ነው። በረድፍ ውስጥ የተቀባ ቀስት ከመገናኛው በኋላ የሚኬድበትን አቅጣጫ ይወስናል። ወደ ግራ ብቻ በሚያመለክት ረድፍ ላይ የተገኘ አሽከርካሪ ቀጥታ ለመሄድ ቢፈልግ እንኳ በቀስቱ መሠረት ታጥፎ፣ ዞሮ መመለስ ይኖርበታል። በሰያፍ መስመሮች የተሞላው ቦታ ደግሞ የማንም ረድፍ አይደለም፤ ተሰልፎ ለመቅደም ወይም ቆሞ ደንበኛ ለመጠበቅ አያገለግልም።

ለአውቶቡስ ብቻ የተለዩ ረድፎች፣ የብስክሌት መንገዶችና የእግረኛ መንገዶች ለሞተር ብስክሌት የተፈቀዱ አይደሉም። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሥራ በተሠሩ ጎዳናዎች የብስክሌት መንገዱ ከመኪናው መንገድ ጎን ስለሚዘልቅ፣ መጨናነቅ ሲኖር ወደዚያ ለመግባት ይጋብዛል። ይሁን እንጂ በዚያ የሚጓዘው ሕፃን ልጅም ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው በፍጥነት የሚመጣ ሞተር ይኖራል ብሎም አይጠብቅም።

በረድፉ ውስጥ የሚያዝ ቦታ

የአንድ ረድፍ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 3.65 ሜትር ሲሆን የሞተር ብስክሌት ስፋት ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በመሆኑም አሽከርካሪው በራሱ ረድፍ ውስጥ ሆኖ እንኳ ቦታ የመምረጥ ዕድል አለው። ለዚህ ሲባል ረድፉን በሐሳብ በሦስት መክፈል ይጠቅማል።

የቀኙ ጠርዝ አሸዋና ጠጠር የሚከማችበት፣ ሚኒባስ ታክሲ ድንገት የሚቆምበት፣ በር የሚከፈትበትና እግረኛ ከቆመ መኪና ጀርባ ብቅ የሚልበት ነው። መካከለኛው ክፍል፣ በተለይም የትራፊክ መብራት ባለበት መገናኛ አጠገብ፣ ከቆሙ መኪኖች የሚንጠባጠብ ዘይት ይጠራቀምበታል። በብዙ ሁኔታዎች የሚመረጠው የመኪኖች የግራ ጎማ የሚያልፍበት መስመር ነው። ቦታው ንጹሕ ከመሆኑም በላይ አሽከርካሪው ፊቱ ላለው መኪና በስፖኪዮ ይታያል፤ እርሱም ከመኪናው አልፎ ለማየት ይችላል። ይህ ግን ሁልጊዜ የሚሠራ አይደለም። በባለሁለት አቅጣጫ የገጠር መንገድ ከፊት ለፊት ከባድ የጭነት መኪና ሲመጣ ወደ ቀኝ መጠጋት ተገቢ ነው፤ መኪናው የሚገፋው ነፋስ ብቻ ቀላል ሞተርን ከመስመሩ ሊያወጣው ይችላልና።

ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ አሽከርካሪው አብሮ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጎማው በመሐል መስመሩ ጠርዝ ላይ ከሆነ ጎማው በራሱ ረድፍ ቢሆንም ራሱና ትከሻው በሌላው ረድፍ ውስጥ ይገኛሉ። ወደ ቀኝ በሚታጠፍ መንገድ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ሞተሩን ወደ ውጭ ገፍቶ የመሐል መስመሩን ያሻግረዋል። በሁለቱም ሁኔታ ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ካዘነበሉ በኋላ ፍሬን አጥብቆ መያዝ ጎማውን ሊያንሸራትት ይችላል።

በመኪኖች መካከል መሽሎክሎክ

በተጨናነቀ ጎዳና በሁለት ረድፎች መካከል እየተሽሎከለኩ ወደፊት መሄድ በብዙዎች ዘንድ እንደ ልማድ ተወስዷል። ዕቃ በሰዓቱ ማድረስ ያለበት መልእክተኛ የሚያተርፈው ደቂቃ ለእርሱ ገንዘብ መሆኑም የታወቀ ነው። ሆኖም በክፍተቱ ውስጥ በግራም በቀኝም የሚሸሹበት ቦታ የለም። አንድ መኪና ረድፍ ለመቀየር ቢጀምር፣ ተሳፋሪ ለመውረድ በር ቢከፍት ወይም እግረኛ በመኪኖች መካከል ቢያቋርጥ ለማቆም የሚቀረው ርቀት ጥቂት ሜትር ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ወደ ቀኝ በሚታጠፍ ከባድ መኪናና በመንገዱ ጠርዝ መካከል መግባት ነው። ተሳቢ ያለው ወይም ረጅም መኪና ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ከፈት ይላል። በዚህ ጊዜ በቀኙ የሚፈጠረው ሰፊ ቦታ መንገድ የተለቀቀ ያስመስላል። መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ግን የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ያንኑ ቦታ ይዘጉታል። የመኪናው አሽከርካሪ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከቀኝ በሩ ሥር ያለውን ሞተር ላያየው ይችላል። የመኪናው ስፖኪዮ ለሞተረኛው የማይታየው ከሆነ፣ ሞተረኛውም ለመኪናው አሽከርካሪ አይታይም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ከመኪናው ኋላ ራቅ ብሎ መታጠፉን እስኪጨርስ መጠበቅ ብቻ ነው አማራጩ።

ሁለት ሞተር ብስክሌቶች በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ሆነው መጓዛቸውም፣ ወሬ ለመጨዋወት ቢመች እንኳ፣ ሁለቱንም የመሸሻ ቦታ ያሳጣቸዋል።

ረድፍ መቀየርና መቅደም

ረድፍ ከመቀየር በፊት ስፖኪዮ ማየት፣ ፍሬቻ ማሳየት፣ ከዚያም በትከሻ በኩል ፈጣን እይታ ወደ ኋላ ማድረግ ያስፈልጋል። ስፖኪዮ ከጎን ያለውን ተሽከርካሪ ሙሉ በሙሉ ስለማያሳይ የመጨረሻው እርምጃ ሊዘለል አይገባም። እይታው አጭር መሆን አለበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳልና፣ ዞር ከማለት በፊት ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ከአንድ በላይ ረድፍ ለመሻገር ሲፈለግ በአንዱ ረድፍ ተረጋግቶ ከተጓዙ በኋላ ወደሚቀጥለው ማለፍ እንጂ በአንድ ጊዜ በሰያፍ መቁረጥ ተገቢ አይደለም። በብዙ ሞተሮች ላይ ፍሬቻ በራሱ ስለማይጠፋ ከተቀየረ በኋላ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ሳይጠፋ የቀረ ፍሬቻ ከመጋቢ መንገድ የሚወጣውን አሽከርካሪ ሞተሩ ሊታጠፍ ነው ብሎ እንዲገባበት ያደርገዋል።

መቅደም የሚቻለው በግራ በኩል ነው። በእግረኛ ማቋረጫ፣ በኮረብታ አናትና ፊት በማይታይበት መታጠፊያ መቅደም አይገባም። በተለይ መኪኖች በእግረኛ ማቋረጫ ፊት ከቆሙ ሰው እያሳለፉ ሊሆን ስለሚችል፣ በጎናቸው አልፎ መሄድ በእግረኛው ላይ የሞት አደጋ ያደርሳል።

በአደባባይ፣ በውስጥ ላሉ ተሽከርካሪዎች ቅድሚያ ከሰጡ በኋላ ይገባል። በመጀመሪያው መውጫ ወደ ቀኝ የሚወጣ የቀኙን ረድፍ፣ ወደ ግራ የሚሄድ ወይም የሚዞር የውስጡን ረድፍ ይይዛል፤ ከመውጣቱ በፊትም የቀኝ ፍሬቻ አሳይቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ውጭ ይጠጋል።

ዝናብና የደበዘዙ መስመሮች

የመንገድ ቀለም ሲረጥብ ከአስፋልቱ የበለጠ ያንሸራትታል። ከረጅም የበጋ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ አቧራና ዘይት ስለሚያንሳፍፍ ከክረምቱ ዶፍ ይልቅ አሳሳች ነው። በእርጥብ ቀን በዜብራና በቀስት ቀለም፣ በብረት ክዳንና በባቡር ሐዲድ ላይ ፍሬን መያዝ ወይም ማዘንበል አይገባም። ሐዲድ የሚሻገሩት በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው ነው።

መስመሩ በደበዘዘበት ወይም ጨርሶ በጠፋበት መንገድ የረድፍ ሥርዓቱ ቀሪ አይሆንም። አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ተሽከርካሪ ዱካ ይዞ፣ የመንገዱን ቀኝ ሳይለቅ ይጓዛል። የጠፉ መስመሮችን ለከተማው የመንገድና የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይቻላል፤ የመንገዱን ስምና አቅራቢያ ያለውን ታዋቂ ቦታ መጥቀስ ሥራውን ያቀላጥፋል።

ፈቃድን በተመለከተ

ሞተር ብስክሌት ለማሽከርከር ለዚሁ ምድብ የተሰጠ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ከተሞች የራሳቸውን ገደብ ሊጥሉ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥላለች። ስለሆነም ከሌላ ክልል ወደ ከተማዋ በሞተር የሚመጣ ሰው ከመነሳቱ በፊት በወቅቱ ሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።