ትንሣኤ ሙታንና የሥጋ መለወጥ

በክርስትና እምነት ትንሣኤ ሙታን በክርስቶስ ዳግም ምጽአት ሙታን በሥጋ የሚነሡበት፣ በሕይወት የሚገኙ አማንያንም ሞትን ሳይቀምሱ የሚለወጡበት ተስፋ ነው። ትምህርቱ ነፍስ አትሞትም ከሚለው ሐሳብ ይሰፋል። የሚድነው የሰው ነፍስ ብቻ ሳትሆን ሥጋውም ጭምር ነውና፤ በመጨረሻው ቀን ሥጋ ከመበስበስ፣ ከሕመምና ከሞት ነጻ ይወጣል።

የትምህርቱ ዋነኛ ምንጭ ሐዋርያው ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ55 ዓ.ም. ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያ መልእክት 15ኛ ምዕራፍ ነው። በዚያች ከተማ ከነበሩት ክርስቲያኖች አንዳንዶቹ ሙታን አይነሡም ይሉ ነበር። ጳውሎስ ክርስቶስ መነሣቱን መሠረት አድርጎ ይሞግታቸዋል። ሥጋን በመሬት ተዘርታ በምትበቅል ቅንጣት ይመስለዋል፤ የሚበቅለው ከተዘራው ጋር አንድ ሆኖ ሳለ መልኩና ክብሩ ሌላ ነው። በፊልጵስዩስ 3 የተዋረደው ሥጋ የክርስቶስን ክቡር ሥጋ እንዲመስል ይለወጣል ይላል። በሮሜ 8 ደግሞ ተስፋው ከሰው አልፎ ፍጥረትን ሁሉ ያጠቃልላል።

የተለወጠ ሥጋ ምን እንደሚመስል ወንጌላት የሚያሳዩት በተነሣው በኢየሱስ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ደጆቹ ተዘግተው ሳሉ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ይቆማል፤ ለቶማስም የችንካሩንና የጎኑን ቁስል ያሳየዋል። በሉቃስ ወንጌል መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡ የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ በፊታቸው ይበላል። ሥጋው ያው የተሰቀለው ሥጋ ነው፤ ነገር ግን ሞት ከእንግዲህ አይገዛውም። ከስቅለቱ በፊት በተራራ ላይ ፊቱ እንደ ፀሐይ ማብራቱም የዚህ ክብር ቅድመ ምልክት ተደርጎ ይተረጎማል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን የተራራ ላይ መገለጥ ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ብላ ታከብረዋለች።

በ2ኛው መቶ ዘመን ሄሬኔዎስ ሥጋን ለሚንቁት ግኖስቲኮች በሰጠው መልስ፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሥጋ እንደሚያድነው አስተማረ። በ4ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ከእኅቱ ከማክሪና ጋር እንደተደረገ ውይይት አድርጎ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ጻፈ። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው ሥራው በመጨረሻው መጽሐፍ የሰማዕታት የቁስል ምልክት በትንሣኤ ሥጋቸው ላይ የክብር ጌጥ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ381 ዓ.ም. የተካሄደው የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ተስፋውን በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ አጸናው።

አብያተ ክርስቲያናት በመሠረቱ ቢስማሙም አገላለጻቸው ይለያያል። የምሥራቅ አባቶች በጸጋ የመለኮት ባሕርይ ተካፋይ መሆንን ያጎላሉ፤ ለውጡም በጸሎት፣ በንስሐና በምስጢራት በዚህ ዓለም ይጀምራል። የምዕራብ ሊቃውንት፣ በተለይም በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ፣ ለጻድቃን ሥጋ አራት ጸጋዎችን ይዘረዝራሉ፤ እነሱም አለመታመም፣ ረቂቅነት፣ ፍጥነትና ብርሃን ናቸው። ፕሮቴስታንቶች ለውጡን ከመጽደቅና ከመቀደስ ቀጥሎ የሚመጣ የድኅነት ፍጻሜ አድርገው መክበር ይሉታል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምስጢረ ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምስጢር የመጨረሻው ነው። በትምህርቷ የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥአን ነፍሳት በሲኦል ሆነው የፍርድን ቀን ይጠብቃሉ፤ ነፍስና ሥጋ ዳግመኛ ከተዋሐዱ በኋላ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ። ለሙታን የሚደረገው ጸሎተ ፍትሐትና በ40ኛው ቀን የሚታሰበው ተዝካር በዚሁ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው።

ከዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። ሥጋ የሚከብር እንጂ የሚጣል ስላልሆነ የሙታን አስከሬን በአክብሮት ይቀበራል፤ የታመመውን ማስታመም፣ የተራበውንም ማብላት የእምነቱ አካል ይሆናል። ተስፋው ሰው ከሰውነቱ የሚሸሽበት ሳይሆን ሰውነቱ የሚፈጸምበት ነው።