«ሪሊዝ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ፦ ትርጓሜው፣ አመጣጡና አገባቡ

በሙያችን የምንሠራባቸው ውሎችና የንድፍ ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ፣ አንድን ቃል በግማሽ መረዳት የሚያስከትለው ጉዳት የቋንቋ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሥራ ተቋራጭ «ሪሊዝ» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት ይዞ ትርጉሙን ጠየቀኝ። እኔም «መልቀቅ ማለት ነው» ብዬ ብቻ መለስሁለት። በመያዣነት የተቀነሰበት ገንዘብ የሚለቀቅለት መስሎት ፈረመ። ወረቀቱ ግን ተቋራጩ ስለ ተጨማሪ ሥራ የነበረውን የክፍያ ጥያቄ በሙሉ የሚያስለቅቅ ነበር። መልሴ ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን አልበቃም።

የግሡ ሥር በላቲን «ላክሱስ» ሲሆን ትርጉሙ «የላላ» ማለት ነው። ከዚህ «ሬላክሳሬ»፣ ማለትም «እንደገና ማላላት» የሚለው ተገኘ። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የገዥዎች፣ ኋላም የሕግ ቋንቋ ሆኖ ስለነበር፣ ቃሉ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። መዝናናትን የሚያመለክተው «ሪላክስ» እና ኪራይን የሚያመለክተው «ሊዝ» የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው።

የቃሉን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የእንግሊዝ የርስት ሕግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1536 የወጣ ሕግ አንዳንድ የርስት ሽያጮች በይፋ እንዲመዘገቡ አስገደደ። ሕጉ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥን ኪራይ ስለማይጨምር፣ የሕግ አዋቂዎች ዘዴ ፈጠሩ፤ ይኸውም ሻጩ መሬቱን አስቀድሞ ለገዥው ለአንድ ዓመት ያከራየዋል፤ በማግሥቱም የቀረውን መብቱን በ«ሪሊዝ» ሰነድ ይለቅለታል። እ.ኤ.አ. በ1841 የወጣ ሕግ የኪራዩን ሰነድ አላስፈላጊ እስካደረገው ድረስ ርስት በዚህ መንገድ ሲተላለፍ ኖሯል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሁለተኛው ቀን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ መሬት አለመኖሩ ነው። የተለቀቀው መብት ነበር።

ዛሬም ቃሉ በልዩ ልዩ ሙያ ይሠራበታል። እስረኛ ይፈታበታል፤ ከግድብ ውሃ ይለቀቅበታል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለተጠቃሚ ይቀርብበታል። የንድፍ ሥዕል ለግንባታ «ሪሊዝ» ተደረገ ሲባልም ሥዕሉ ይሠራበት ዘንድ ተፈቀደ ማለት እንጂ፣ ነዳፊው ከኃላፊነት ተፈታ ማለት አይደለም።

«ለቀቀ» የሚለው የእኛ ግሥ ደግሞ በአንድ በኩል ከዚህ ይሰፋል። ቤት ለቀቀ፣ ሥራ ለቀቀ እንላለን፤ በ«ሪሊዝ» ግን እንዲህ አይባልም። ስለዚህ ቃሉን በቃል መተካት ብቻውን አይበቃም። በውል ውስጥ «ሪሊዝ» ሲያጋጥም ለቃቂው ማን ነው? የሚለቀው ምንድን ነው? የሚለቀውስ ለማን ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለዚያ ተቋራጭ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አንሥቼለት ቢሆን ኖሮ፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ለቃቂው ራሱ መሆኑን ባወቀ ነበር።