ዜና ከበሮ ዘትሪኒዳድ

በካሪቢያን ባሕር ትሪኒዳድ የምትባል ደሴት አለች። የከበሮዋን ዜና እንጽፋለን፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናደርገዋለን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በባርነት ዘመን የሸንኮራ አገዳው እርሻ እሳት በያዘው ጊዜ፥ በዙሪያው ያሉ ባሮች ሁሉ ቀንደ መለከት እየተነፋ፥ በጅራፍ እየተነዱ፥ ችቦ ይዘው ቃጠሎውን ሊያጠፉ ይሰበሰቡ ነበር። በ1838 ባርነት ፈጽሞ በቀረ ጊዜ ነጻ የወጡት ሰዎች ያንኑ መከራ በዓል አደረጉት። በካርኒቫል ሌሊት ችቦ አብርተው፥ ከበሮ እየመቱ፥ ካሊንዳ የሚሉትን የዱላ ግጥሚያ እየተጋጠሙ ወጡ። ስሙንም ካምቡሌ አሉት፤ በፈረንሳይኛ የተቃጠለ አገዳ ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሹማምንት ግን ሁከት ነው ብለው ጠሉት። በ1880 የፖሊስ አለቃው ካፒቴን ቤከር ከበሮአችሁን፥ ዱላችሁን፥ ችቦአችሁን አስረክቡ ቢላቸው አስረከቡ። በዓመቱም ያንኑ ሊያደርግ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ቀድሞ እርስ በርሱ ይደባደብ የነበረው የየሰፈሩ ጎበዝ አንድ ልብ ሆኖ ጠበቀው፥ በፖርት ኦፍ ስፔይን ጎዳናም ጽኑ ጠብ ሆነ። ከጠቡ በኋላ አገረ ገዥው ፍሪሊንግ ራሱ ወደ ሕዝቡ ወጥቶ በለዘበ ቃል ተናገረ፤ ፖሊሶቹም ከሰፈራቸው እንዳይወጡ ሆነ።

በ1884 ግን አዋጅ ወጣ። ችቦ ይዞ መዞር፥ አሥርና ከዚያ በላይ ሆኖ ዱላ ይዞ መሰብሰብ፥ በጎዳና ከበሮ መምታት ተከለከለ። በእኛ አገር አዋጅ ይነገር የነበረው ነጋሪት ተጎስሞ ነው፤ በዚያ አገር ግን አዋጁ የወጣው በነጋሪቱ ላይ ሆነ። ይህን ስንጽፍ ልባችን ያዝናል። ከአፍሪካ በመርከብ ታጉረው የተወሰዱት ሰዎች አገራቸውንና ስማቸውን ሲነጠቁ ምታቸውን ግን ይዘው ቀርተው ነበርና። በ1917 ደግሞ ክልከላው ወደ ጸሎት ቤት ገባ፤ ሻውተር ባፕቲስት የሚባሉት ምእመናን ደወል እየደወሉ፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዳይጸልዩ ተባለ።

ከበሮው ዝም ባለ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ቀርከሃው ሄደ። በልዩ ልዩ ልክ እየቆረጡ ታምቡ ባምቡ አሉት። ወፍራሙ ቡም ይባላል፤ እንደ ዘነዘና ይዘው መሬቱን ይወቅጡበታል። ፉሌ የሚሉት ሁለት ቁራጭ ነው፥ እርስ በርሱ ያጋጩታል። ቀጭኑን ከተር በትከሻ ተሸክመው በጠንካራ እንጨት ይመቱታል፤ ድምፁ ስለታም ነው፥ በሌሎቹ መካከል እየሰነጠቀ ያልፋል። ነገር ግን ቀርከሃ ሲወቀጥ ይፈነዳል። ስለዚህ በ1930ዎቹ የብስኩት ጣሳና የቆሻሻ በርሜል ክዳን ጨመሩበት፥ ኋላም የነዳጅ በርሜል መጣ፥ ስቲል ፓንም ተወለደ። የእርሱ ዜና ረዥም ነው፤ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይሻል።

ከዚህም በኋላ ቤሪል ማክበርኒ የምትባል መምህርት ተነሣች። ልጅ ሳለች በትምህርት ቤት ያስጨፈሯት የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጭፈራ ነበረ። እርስዋ ግን የባህል ሊቁ አንድሩ ካር መንገድ እያሳያት በየመንደሩ ዞረች፤ የአገሩን ጭፈራ፥ ቤሌን፥ በለቅሶ ቤት ሌሊት የሚጨፈረውን ቦንጎን፥ ሊምቦንም ከባለቤቶቹ ተማረች። በ1938 ወደ ኒውዮርክ ሄዳ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ ላ ቤል ሮዜት በሚል ስም መድረክ ላይ ወጥታም ዝናዋ ተሰማ። ሆኖም በ1945 ያን ሁሉ ትታ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ1948 በዉድብሩክ ሰፈር ሊትል ካሪብ የተባለውን ቲያትር ቤት ከፈተች። ታላቁ ዘፋኝ ፖል ሮብሰንም በዚያ ዓመት በስፍራው ተገኝቶ ነበር።

ያን ጊዜ የፓን ተጫዋች እንደ ዱርዬ ይቆጠር ነበር፥ ልጁን ወደዚያ የሚልክ ጨዋ ቤተ ሰብ አልነበረም። እርስዋ ግን ኢንቬደርስ የተባሉትን የሰፈሩን ፓን ተጫዋቾች ወደ አዳራሽዋ አስገባች፤ ሕፃናቱንም ሰብስባ አያቶቻቸው በስውር የጨፈሩትን በግልጽ አስተማረቻቸው። በ1963ም የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሪክ ዊልያምስ መንደሮች በጭፈራና በዜማ የሚወዳደሩበትን በዓል መሠረተ።

የሻውተር ባፕቲስት ምእመናን ክልከላ በ1951 ማርች 30 ቀን ተሽሯል፤ ዛሬ ደሴቲቱ ቀኑን በዓል አድርጋ ታከብረዋለች። ቤሪል ማክበርኒ ያረፈችው በ2000፥ በዚያው በማርች 30 ቀን ነው።